ውስጠ ባዶውን ወርቅ ደግፎ ፈርጥ ስለ ማኖር

የእጅ ሥራ ሁሉ ለሚያስተውለው ሰው ትምህርት አለው። ነገር ግን አንዳንዱ ሥራ ትምህርቱን በግልጥ ሲሰጥ፥ ሌላው በጥያቄ ሸፍኖ ያቀርበዋል። አንጥረኛ ውስጡ ባዶ በሆነ የወርቅ ጌጥ ላይ ክቡር ድንጋይ የሚያኖርበት ብልሃት ከሁለተኛው ወገን ነው። ብልሃቱም በአጭር ቃል ሲነገር እንዲህ ነው፤ የጌጡ ግድግዳ ስስ ስለ ሆነ የመሣሪያውን ግፊት አይችልም፤ ስለዚህ አንጥረኛው አስቀድሞ ባዶውን ስፍራ በዝፍት ወይም በሙጫ ወይም በሰም ይሞላዋል፤ ከዚያም ፈርጡን በቤቱ አኑሮ የወርቁን ከንፈር በዙሪያው ያጥፍበታል። ጥያቄውም ከዚህ ላይ ይነሣል። ይህ ከውስጥ የገባው ርካሽ ነገር ለደካማው የተሰጠ ድጋፍ ነውን? ወይስ ለገዢው የተዘጋጀ ማታለያ ነው? በውጭ ወርቅ፥ በውስጥ ሙጫ የሆነ ነገር እውነተኛ ሊባል ይገባዋልን?

ይህ ነገር የአንጥረኞች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ ሁለት ምክንያት እናቀርብለታለን። አንደኛው፥ በብዙ አገር ጌጥ ለሴት መዋቢያ ብቻ አለመሆኑ ነው። ባንክ ለማታውቅ ሴት የወርቅ አምባሯ ግምጃ ቤቷ ነው። ባል በሞተ ጊዜ፥ ልጅ በታመመ ጊዜ፥ አዝመራ በጠፋ ጊዜ፥ አምባሩ ከክንዷ ወልቆ ወደ ሚዛን ይሄዳል። በዚያ ቀን በውስጡ ያለው ወርቅ ነው ወይስ ሙጫ የሚለው ነገር የጥበብ ክርክር ሳይሆን የልጆች እንጀራ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ እኛ ሁላችን በየፊናችን ፈርጥ የምናኖር መሆናችን ነው። አባት በልጁ፥ መምህር በተማሪው፥ አለቃ በበታቹ ላይ አደራ ያስቀምጣል። አደራ እንደ ክቡር ድንጋይ ነው፤ ከተቀመጠ በኋላ ያስከብራል፥ ሲቀመጥ ግን ይጫናል። እንግዲህ የአንጥረኛውን ሥራ ብንመረምር ከራሳችን ሥራ አንርቅም።

አስቀድሞ፥ ጌጡ ስለ ምን ባዶ ሆኖ ይሠራል ብለን እንጠይቅ። ወርቅ ከውኃ 19 ጊዜ የሚበልጥ ክብደት አለው። አንድ ሳንቲሜትር ርዝመት፥ አንድ ሳንቲሜትር ስፋት፥ አንድ ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ጥሩ ወርቅ 19.3 ግራም ይመዝናል። ትልቅ የጆሮ ጌጥ ሁለንተናው ወርቅ ሆኖ ቢሠራ የጆሮን ሥጋ ይቀድዳል፤ ዋጋውም ከመካከለኛ ሰው አቅም በላይ ይሆናል። ስለዚህ አንጥረኛው ወርቁን ቀጥቅጦ እንደ ቅጠል ያሳሳዋል፤ ሁለት ግማሽ አድርጎም ቀርጾ ይበይደዋል፤ በመካከሉም አየር ይቀራል። ይህ በራሱ ውሸት አይደለም። ከበሮ ውስጡ ባዶ ባይሆን አይሰማም፤ ደወል ውስጡ ባዶ ባይሆን አይጮኽም፤ እንስራም ውስጡ ባዶ ባይሆን ውኃ አይቀዳበትም። ባዶነት ነውር የሚሆነው ሙላት ነኝ ባለ ጊዜ ነው። ይህን ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ፈርጡ እንምጣ። ድንጋይ በወርቅ ላይ የሚቆየው በማጣበቂያ ሳይሆን በጕልበት ነው፤ ይኸውም በዙሪያው የቆመው የወርቅ ከንፈር በብረት መሣሪያ እየተገፋ ድንጋዩን ጨብጦ ስለሚይዘው ነው። ከበታቹ ጽኑ ወርቅ ካለ ግፊቱን ይችላል። ነገር ግን ከበታቹ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ስስ ግድግዳ፥ ከዚያም ወዲያ አየር ብቻ ካለ፥ ከንፈሩ በመታጠፍ ፈንታ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይሰረጕዳል፤ ድንጋዩም ያዘነብላል፤ ሳይቆይም ይወድቃል። ከሁሉም የሚከፋው የተሰረጐደውን ማቃናት ጭንቅ መሆኑ ነው። የተከፈተ ሳሕን ቢጐደጕድ ከውስጥ መትተው ያቃኑታል፤ ተበይዶ በተዘጋ ጌጥ ውስጥ ግን መዶሻ አይገባም። አንጥረኛው ከውጭ ብቻ የቈሰለውን ከውጭ ብቻ ሊፈውሰው አይችልም።

ስለዚህ ጥንታውያን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ከመምታት በፊት መሙላትን ሕግ አደረጉት። በ12ኛው መቶ ዓመት ቴዎፍሎስ በሚል ስም የጻፈው መነኵሴ ስለ ልዩ ልዩ ጥበባት ባዘጋጀው የላቲን መጽሐፍ ውስጥ ይህን መሙያ እንዴት እንደሚያበጁት ጽፏል። የሚያስፈልጉት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ተወቅጦ የደቀቀ ጡብ፥ ዝፍትና ጥቂት ሰም ናቸው። በእሳት ቀልጠው ይዋሐዳሉ፤ በዕቃው ውስጥ ፈስሰው ሲቀዘቅዙም ይጸናሉ። ሠራተኛው ሲመታ ወርቁ በሚፈለግበት ስፍራ ይታዘዛል፥ በማይፈለግበት ስፍራ ግን አይወድቅም። ሥራው ሲፈጸም ዕቃውን አሙቀው መሙያውን ያፈስሱታል። በዘመናችን ደግሞ በሙቅ ውኃ የሚለሰልስ ፕላስቲክ ለዚሁ ሥራ የሚያገለግል ሆኗል፤ የነገሩ ሥርዐት ግን ያው ነው።

እነዚህን ሦስቱን ነገሮች አስተውሏቸው። ዝፍቱ ያጣብቃል፤ ጡቡ ያጸናል፤ ሰሙ ያለዝባል። ጡብ ብቻ ቢበዛ መሙያው ደርቆ ይሰነጠቃል፥ ወርቁንም በድንገት ይመታዋል። ሰም ብቻ ቢበዛ መዶሻው በመጣ ጊዜ ይሸሻል፤ ከቶ እንዳልነበረም ይሆናል። ብልህ ሠራተኛ ደግሞ በብርድ ወራት ማለስለሻውን ይጨምራል፥ በሙቀት ወራት ይቀንሳል፤ ድጋፍ ለሁሉ ጊዜ በአንድ ልክ አይሰፈርምና። ብርቱ አባት ልጁን ሁልጊዜ በጡብ ብቻ ሲሞላው፥ የምትራራ እናትም በሰም ብቻ ስትሞላው እናያለን። የመጀመሪያው ልጅ መከራ ሲመጣ ይሰነጠቃል፤ ሁለተኛው ልጅ መከራ ሲመጣ ይቀልጣል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ፍርዳችን ይህ ነው፤ በሌላው ላይ ከባድ ነገር ለማኖር የሚያነሣ እጅ አስቀድሞ ሊደግፍ ይገባዋል። ወጣት ጸሐፊ በትልቅ ሹመት ላይ ይቀመጣል፤ የሚመክረው ሽማግሌ፥ የሚያርመው መምህር፥ የሚበቃው ደመወዝ አይሰጠውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጕቦ ወይም በስካር ወይም በፍርሃት ሲሰረጐድ፥ «ድሮም ውስጡ ባዶ ነበር» ይባላል። እውነት ነው፥ ባዶ ነበር። ነገር ግን ባዶ መሆኑን ፈርጡን ያስቀመጠው ሰው ያውቅ አልነበረምን? ሰው ሁሉ በወጣትነቱ ውስጡ ገና ያልሞላ ጌጥ ነው። አንጥረኛ ያልሞላውን ጌጥ መትቶ ቢያበላሽ ወርቁን ሊሰድብ አይችልም፤ ጕዳቱ በእርሱ ሒሳብ ይጻፋል። እኛ ግን በሰው ላይ ይህን ስናደርግ የተሰበረውን እንከስሳለን፥ የመታውን እናመሰግናለን።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሌላ አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ ትንሽነቱ ግን ሊያስንቀው አይገባም። ውስጠ ባዶ ጌጥ ሲበየድ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ትተውለታል። እሳት ሲቀርብ በውስጡ ያለው አየር ይስፋፋል፤ መውጫ ካላገኘ ስፌቱን ይቀድዳል፤ ውኃም ሰርጎ ገብቶ ከነበረ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ጌጡን ሊያፈነዳው ይችላል። ቀዳዳይቱ ለዐይን አታምርም፤ ስለዚህ ከበስተኋላ ትደረጋለች፤ ያለ እርሷ ግን ጌጡ ከእሳት አይተርፍም። ቤተ ሰብም፥ መሥሪያ ቤትም፥ ማኅበርም ሰው ኀዘኑንና አቤቱታውን የሚያወጣበት ጠባብ በር ሊኖረው ይገባል። ይህች በር የተዘጋችበት ስፍራ እሳት እስኪመጣ ድረስ ብቻ ጸጥ ያለ መስሎ ይታያል።

እስከዚህ ድረስ ስለ መደገፍ ጥሩነት ተናገርን። አሁን በብርቱ የሚቃወመውን ሰው ቃል እንስማ። እርሱም እንዲህ ይላል፤ «መሙያው ሥራው ሲፈጸም ቢወጣ መልካም። ነገር ግን በውስጥ የሚቀር አለ። ወርቅ በግራም ይሸጣል፤ ሙጫም ይመዝናል። እንግዲህ ድጋፍ የተባለው ነገር የሚዛን ሌባ ነው።» ይህ ቃል የሚናቅ አይደለም። በሮማውያን ዘመን ከተሠሩት ውስጠ ባዶ የወርቅ ጌጦች መካከል በድኝ ተሞልተው የተገኙ አሉ። በሕንድ አገርም እስከ ዛሬ በራጃስታን፥ በተለይም በጃይፑር ከተማ፥ ኩንዳን የሚባለው ሥራ በዚሁ ዐይነት ይሠራል። የወርቁ ቅርጽ ስስና ባዶ ሆኖ ይበጃል፤ ውስጡም ላክ በሚባል፥ ትንንሽ ነፍሳት በዛፍ ላይ በሚያወጡት ሙጫ ይሞላል። ድንጋዩ ከበታቹ የሚያበራ ቅጠል ተነጥፎለት በላኩ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያም እጅግ የጠራ ወርቅ እንደ ክር እየተቈረጠ በድንጋዩ ዙሪያ በብረት ይጫናል። የጠራ ወርቅ ያለ እሳት፥ በግፊት ብቻ፥ እርስ በርሱ ይዋሐዳልና ድንጋዩን አጥብቆ ይይዘዋል። በዚህ ሥራ ላኩ አይወጣም። ቢወጣ ድንጋዩም ወርቁም አብረው ይፈርሳሉ።

እንግዲህ ተቃዋሚያችን የሚለውን በቍጥር እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል፥ በሚዛን ላይ 30 ግራም የሆነ አምባር ቢኖር፥ ከእርሱም 10 ግራሙ ላክ ቢሆን፥ ሻጩም ሁሉን በወርቅ ዋጋ ቢሸጠው፥ ገዢዋ ከከፈለችው ገንዘብ ሢሶው ለሙጫ የተከፈለ ነው። በምትገዛበት ቀን አታውቀውም፤ የምታውቀው በምትሸጥበት ቀን ነው፤ የምትሸጥበትም ቀን የመከራዋ ቀን ነው። ቪትሩቪዩስ የሚባለው ሮማዊ እንደ ጻፈው፥ የሲራኩሳው ንጉሥ ኂዬሮ ዘውዱን የሠራለት አንጥረኛ ብር ቀላቅሎበት እንደ ሆነ በተጠራጠረ ጊዜ፥ አርኪሜዴስ በውኃ መርምሮ ነገሩን ገለጠለት። ንጉሥ አርኪሜዴስ አለው፤ ድኻ ሴት ግን የላትም። ደግሞም ፈርጥ የተቀመጠበት ጌጥ ሳይፈርስ ሊቀልጥ አይችልምና፥ ድንጋዮቹ ራሳቸው ለማታለያው ዘበኛ ይሆኑለታል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥተን የኩንዳንን ሥራ ሁሉ ሐሰት ብንለው በብዙ ቅን ሠራተኞች ላይ እንፈርዳለን። ላኩ የተጨመረው ገዢን ለማታለል አይደለም፤ ያለ እርሱ ሥራው ስለማይቆም ነው። ሽማግሌ በምርኵዝ ቢሄድ ዋሸ አይባልም፤ ምርኵዙን ሁሉ ያየዋልና። በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ተሸክመውት ተራራውን ያሻገሩት ሰው ግን «በእግሬ ወጣሁ» ቢል ዋሸ እንለዋለን። በሁለቱም ዘንድ ድጋፍ አለ፤ ልዩነቱ በድጋፉ ሳይሆን በምስክርነቱ ነው። ሙጫ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ከሚዛኑ አጠገብ የቆመው ሰው ነው። ሻጩ «ጠቅላላው ይህን ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም ወርቁ ይህን ያህል ነው፤ የምትከፍዪው ስለ ወርቁና ስለ እጅ ዋጋ ነው» ቢላት፥ ያው አምባር፥ ያው ላክ፥ ያው ድንጋይ ሳይለወጥ፥ ስርቆት የነበረው ንግድ ጽድቅ ይሆናል።

ነጋዴ በዚህ ጊዜ «አልጠየቀችኝም፤ ደግሞም ይህ የአገር ልማድ ነው፥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል» ብሎ ያመካኛል። ልማድ የሚያጸድቀው በሚያውቁት መካከል ብቻ ነው። በገበያው ያደገ ሰው ስለ ላኩ ሳይነገረው ያውቃል፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ግን አያውቅም። ስለዚህ የመናገር ግዴታ በገዢው አለማወቅ ልክ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ባላዋቂነት ላይ የሚገኝ ትርፍ በዕውር ፊት እንደሚወሰድ እህል ነው፤ ዕውሩ «አትውሰድ» ባይል የተፈቀደለት አይሆንም።

መንግሥታትም ይህን ነገር በማኅተም ለመከልከል ደክመዋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1300 ንጉሥ ኤድዋርድ አንደኛ ባወጣው ሕግ የብር ዕቃ ተመርምሮ የነብር ራስ ማኅተም ሳይደረግበት ከሠራተኛው እጅ እንዳይወጣ ታዘዘ። የሕንድ መንግሥት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የወርቅ ጌጥ ማኅተምን ግዴታ ባደረገ ጊዜ፥ ኩንዳንንና እርሱን የመሰሉትን ሥራዎች ከግዴታው ውጭ አድርጎ ተዋቸው። ከዚህ የምንማረው ማኅተም ሁሉን የማይደርስበት መሆኑን ነው። ማኅተሙ ሊገባበት በማይችልበት ስፍራ የሠራተኛው አንደበት ማኅተም ሊሆን ይገባል። ሕግ የጌጡን ፊት ይመረምራል፤ ውስጡን የሚያውቀው የሞላው ሰው ኅሊና ነው።

እንግዲህ ነገሩን በሁለት ሥርዐት ልንከፍለው እንችላለን። ሊወጣ የሚችል ድጋፍ በጊዜው ሊወጣ ይገባዋል። ሊወጣ የማይችል ድጋፍ ደግሞ በስሙ ሊጠራ ይገባዋል።

ስለ መጀመሪያው ሥርዐት ሌላ የወርቅ ሥራ ምሳሌ ይሆነናል። ስስ ወርቅ በመዳብ ሽቦ ላይ ተጠቅልሎ ሐብልና ቀለበት ይበጅበታል፤ ቅርጹ ሲፈጸም መዳቡን የሚበላ፥ ወርቁን ግን የማይነካ አሲድ ውስጥ ይነከራል። መዳቡ ሟሙቶ ይሄዳል፤ ወርቁ ብቻውን ይቆማል። መልካም መምህር እንደዚህ መዳብ ነው። ተማሪው ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ከውስጥ ይሸከመዋል፤ ከዚያም ስሙን ሳይተው ይሄዳል። ይህ ለመምህሩ መራራ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በውስጥ ልቆይ ቢል ተማሪውን ያከብደዋል እንጂ አያጸናውም። ልጁን እስከ ሽበት ድረስ በራሱ ምክር ብቻ የሚያስኬድ አባት፥ ምእመኑን ከራሱ ሌላ ማንንም እንዳይጠይቅ የሚያደርግ መካሪ፥ ደግፈዋል አይባሉም፤ ሰፍረውበታል እንጂ።

ስለ ሁለተኛውም ሥርዐት የምንለው ይህ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ድጋፍ የማይለያቸው ሰዎች አሉ፤ በሽተኛው፥ አካለ ስንኩሉ፥ አእምሮው የደከመው፥ በእርጅና የወደቀው። ተቃዋሚው «ሁልጊዜ የሚደገፍ ነገር ምን ክብር አለው?» ቢል፥ የጃይፑርን ጌጥ እናሳየዋለን። ያ ላክ ለዘለዓለም በውስጡ ነው፤ ድንጋዩ ግን እውነተኛ ድንጋይ ነው፥ ወርቁም የጠራ ወርቅ ነው። ጌጡ በላኩ ምክንያት ከክብሩ አልጐደለም። ጥፋት የሚሆነው ደጋፊው ሲካድ ብቻ ነው። ደብዳቤው ሁሉ በጸሐፊው ብልኀት የሚጻፍለት ሹም፥ ሥራው ሲመሰገን ፈርጡን በደረቱ አድርጎ ጸሐፊውን ቢረሳ፥ ሙጫውን በወርቅ ዋጋ የሸጠ ነጋዴ ነው። የባለ ጠጋው ቤት በገረዶች ክንድ፥ የሊቁ ጥናት በሚስቱ ትዕግሥት ተደግፎ ሲቆም፥ ስማቸውን የሚያነሣ ከሌለ ይህም እንዲሁ ነው። ደጋፊውን መሰወር ሌብነት ነው፤ ሌብነቱም ሁለት ጊዜ ነው፤ በገዢው ላይና በደጋፊው ላይ።

በእኛ አገር የቅኔ ሊቃውንት ንግግርን ሰምና ወርቅ ብለው መክፈላቸው የታወቀ ነው። ቃሉም የመጣው ከአንጥረኛው ቤት ነው፤ ሰሙ አስቀድሞ ቅርጹን ይይዛል፥ ወርቁም በስፍራው ይገባል። በቅኔ ሰሙ ከውጭ ነው፥ ወርቁ ከውስጥ፤ ሰሚውም ሰሙን ገልጦ ወርቁን ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ውስጠ ባዶው ጌጥ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ወርቁ ከውጭ፥ ሰሙ ከውስጥ ነው። ባለ ቅኔው ሰሚው እንዲፈታው ብሎ ይሰውራል፤ ክፉው ነጋዴ ግን ገዢው እንዳይፈታው ብሎ ይሰውራል። የመጀመሪያው ስውር ስጦታ ነው፥ ሁለተኛው ወጥመድ። ሰውም የተሰወረ ነገሩ ሲገለጥ ሌሎች ደስ የሚላቸው እንደ ሆነ ወይም የሚያለቅሱ እንደ ሆነ ራሱን ቢመረምር፥ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ያውቃል።

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ በሰው ላይ ፈርጥ ልታኖር እጅህን ባነሣህ ጊዜ፥ አስቀድመህ «ከበታቹ ምን አለ?» ብለህ ጠይቅ። ባዶ እንደ ሆነ አትናቀው፤ ሙላው፥ ከዚያም አኑርበት። በአንተ ላይ የተቀመጠውን ፈርጥ ሰዎች ሲያደንቁ ደግሞ፥ ከበታች ሆኖ የያዘውን በስሙ ጥራው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፥ አምባሩ አንድ ቀን ወደ ሚዛን መሄዱ አይቀርም፤ በዚያ ቀን የሚመዝነው ሰው ሙጫውን ከወርቁ ለይቶ ያስቀምጠዋል።